ክፍት ምንጭ የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያን ለጎንደር ወርክሾፖች ማላመድና ማሸግ ለምን «አውርዶ መጫን» ብቻ አልሆነም?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ እስከዚያ ዕለት በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ ዋጋው ሲንር የእንጨትና የጄሶ መቅረጫ፣ የብረት መቁረጫና የማስታወቂያ መሥሪያ ማሽኖች መቆጣጠሪያ ሣጥኖችም ከዚህ ሊያመልጡ አልቻሉም። ከፒያሳ እስከ አዘዞ ባሉት የጎንደር የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች አንድ መቆጣጠሪያ ሲቃጠል ሌላ ማስመጣት ከበፊቱ እጅግ የከበደ በመሆኑ፣ «በነፃ የሚገኘውን ሶፍትዌር ለምን አንጠቀምም?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አይገርምም። በኅዳር 2017 ዓ.ም. የወጣው የሊኑክስ (በነፃ የሚገኝ የኮምፒውተር ስርዓተ ክወና) ከርነል 6.12፣ ማለትም የሥርዓቱ እምብርት፣ ማሽን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገውን የጊዜ ጥብቅነት በውስጡ ይዞ መምጣቱ ደግሞ ጥያቄውን የበለጠ አጠናክሮታል።

ጥያቄው ተገቢ ነው። ስሕተቱ ያለው ከጥያቄው ሥር በተቀመጠው ግምት ላይ ነው፤ ኮዱ ማንም አንብቦ ሊለውጠው ክፍት ከሆነና ክፍያ ከሌለው ሥራው አልቋል፣ የቀረው አውርዶ መጫን ብቻ ነው የሚል ግምት። በኮዱና በሚሠራ ማሽን መካከል ሁለት ሥራዎች አሉ። የመጀመሪያው ለአንድ ዓይነት ቦርድ፣ ማለትም ፕሮሰሰር ለተገጠመበት የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ፣ የተጻፈን ኮድ በሌላ ቦርድ ላይ በትክክል እንዲሠራ ማላመድ ሲሆን፣ ባለሙያዎች ፖርቲንግ ይሉታል። ሁለተኛው የተላመደውን ኮድ ከሚያስፈልጉት ነገሮች ሁሉ ጋር አስሮ ሌላ ሰው ያለ ጸሐፊው እርዳታ ሊጭነው በሚችል መልክ ማሸግ፣ ማለትም ፓኬጂንግ ነው። ስለ መጀመሪያው ጥቂት ይወራል። ስለ ሁለተኛው ግን ምንም ሲባል አይሰማም፤ በዚህ ጸሐፊ ግምት ደግሞ የጎንደርን ጉዳይ የሚወስነው በተለይ ይኸኛው ነው።

ላይብረሪው የሚሠራው ሥራ

ላይብረሪ ማለት ሌሎች ፕሮግራሞች እየጠሩ የሚጠቀሙበት ተዘጋጅቶ የተቀመጠ የኮድ ስብስብ ነው። የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ላይብረሪ ከላይ የሚቀበለው «ከዚህ ነጥብ ተነሥተህ እዚያ ነጥብ በዚህ ፍጥነት ድረስ» የሚል ትእዛዝ ነው፤ ይህ ትእዛዝ አብዛኛውን ጊዜ ጂ-ኮድ በሚባለው የማሽን ቋንቋ ይጻፋል። ከታች የሚያወጣው ደግሞ ለሞተር ድራይቨሮች፣ ማለትም ምቱን ተቀብለው ለሞተሩ ኃይል ለሚሰጡ መሣሪያዎች፣ የሚላኩ አጫጭር የኤሌክትሪክ ምቶችን ነው። በመካከል ሞተሩ በድንገት ተነሥቶ በድንገት እንዳይቆም ፍጥነቱን ቀስ በቀስ የሚጨምርና የሚቀንስ ስሌት አለ።

ቁጥሮቹን በአንድ የተለመደ ማሽን እንመልከታቸው። ስቴፐር የሚባለው ሞተር አንድ ዙር ለመዞር 200 እርምጃ ይወስዳል። ድራይቨሩ እያንዳንዱን እርምጃ በ16 ሲከፍለው 3,200 ይሆናል። ሞተሩ አንድ ዙር ሲዞር 5 ሚሊ ሜትር የሚገፋ ጥርስ ዘንግ ላይ ከተገጠመ፣ ለእያንዳንዱ ሚሊ ሜትር 640 ምት ያስፈልጋል ማለት ነው። በደቂቃ 3,000 ሚሊ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 50 ሚሊ ሜትር መሄድ ካለበት፣ ላይብረሪው በአንድ ሰከንድ ውስጥ 32,000 ምት ሳያዛንፍ ማውጣት አለበት።

በዚህ ዘርፍ በሰፊው የሚታወቁ ክፍት ምንጭ ሥራዎች ጥቂት ናቸው። ሊኑክስ ሲኤንሲ መነሻው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ብሔራዊ የደረጃዎችና የቴክኖሎጂ ተቋም የተሠራ መቆጣጠሪያ ሲሆን በሙሉ ኮምፒውተር ላይ ይሠራል። ገርብል እ.ኤ.አ. በ2009 ተጀምሮ አርዱዊኖ ኡኖ በተባለው ርካሽ ቦርድ ላይ እንዲገባ ተደርጎ የተጻፈ ነው፤ ከእርሱም በኋላ ባለ32 ቢት ቦርዶችን የሚደግፉ ዘመዶቹ ተከትለዋል። ሩኪግ የተባለው ደግሞ ፍጥነትን ብቻ ሳይሆን የፍጥነት ጭማሪውን ለውጥ ጭምር የሚገድብ የመንገድ ስሌት ላይብረሪ ነው።

ማላመድ፦ ኮምፓይለሩ ስላለፈው ትክክል ነው ማለት አይደለም

ኮድን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ፕሮግራም፣ ኮምፓይለሩ፣ ያለ ቅሬታ ካለፈው ማላመዱ ተሳክቷል ብሎ ማሰብ የተለመደ ነው። በድረ ገጽ ወይም በሂሳብ መዝገብ ፕሮግራም ይህ ግምት ብዙም ላይጎዳ ይችላል፤ ስሕተቱ በስክሪኑ ላይ ስለሚታይ። የእንቅስቃሴ መቆጣጠሪያ ስሕተት ግን የሚታየው በእንጨቱ ላይ ነው፣ ያውም እንጨቱ ከተበላሸ በኋላ።

አንዱን ምሳሌ ቀረብ ብሎ ማየት ይጠቅማል። በሲ ቋንቋ «ኢንት» ተብሎ የሚታወጅ ቁጥር ስፋቱ እንደ ቦርዱ ይለያያል። በዘመናዊ ባለ32 ቢት ቦርድ ላይ ከ2 ቢሊዮን በላይ ሊቆጥር ይችላል። በአርዱዊኖ ኡኖ ላይ ግን 16 ቢት ብቻ በመሆኑ ጣሪያው 32,767 ነው። ለባለ32 ቢቱ የተጻፈ ኮድ የመቅረጫውን ቦታ በዚህ ዓይነት ቁጥር እየቆጠረ ወደ ኡኖ ቢዛወር፣ ኮምፓይለሩ አንዳች ነገር ሳይናገር ሊያልፈው ይችላል። ማሽኑም በትንንሽ ሙከራ ደህና ይሠራል፤ 30 ሚሊ ሜትር ሂድ ቢሉት ይሄዳል፣ 40 ቢሉትም እንዲሁ። በ640 ምት ስሌት ግን 32,767 የሚሞላው ከ51 ሚሊ ሜትር ጥቂት አለፍ ሲል ነው። ከዚያች ነጥብ ቀጥሎ ያለው ምት ቁጥሩን ወደ ትልቅ አሉታዊ ቁጥር ይገለብጠውና፣ መቆጣጠሪያው መቅረጫው ከመነሻው በስተጀርባ 51 ሚሊ ሜትር ላይ እንዳለ ያምናል፤ «ለመመለስም» በሙሉ ፍጥነት ወደ ፊት ይነዳዋል። ቁራጭ እንጨት ላይ የተሞከረው ማሽን በመጀመሪያው የቁም ሣጥን በር ላይ ይሰብራል ማለት ነው። ጥንቃቄ ያላቸው ላይብረሪዎች ስፋቱ በግልጽ የተጻፈ የቁጥር ዓይነት የሚጠቀሙት በዚህ ምክንያት ሲሆን፣ የሚያላምድ ሰውም በመጀመሪያ መፈተሽ የሚገባው ይህንኑ ነው።

ሁለተኛው አደጋ ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ዲአርቪ8825 የተባለው በየቦታው የሚገኝ የሞተር ድራይቨር አንድን ምት ምት ብሎ ለመቀበል ቢያንስ 1.9 ማይክሮሰከንድ እንዲቆይለት ይፈልጋል። በ16 ሜጋ ኸርዝ የሚሠራው ኡኖ ላይ ይህ 30 ያህል የፕሮሰሰር ዑደት ነው፤ ስለዚህ አንዳንድ ጸሐፊዎች ቆይታውን ባዶ ዑደት በመቁጠር ያስገኙታል። ያው ኮድ በ240 ሜጋ ኸርዝ ወደሚሠራው ኢኤስፒ32 የተባለ ቦርድ ሲዛወር ያው 30 ዑደት በ0.125 ማይክሮሰከንድ ያልቃል። ድራይቨሩ አንዳንዱን ምት ይሰማል፣ አንዳንዱን አይሰማም። በእነዚህ ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ ሞተሩ በእርግጥ መንቀሳቀሱን ተመልሶ የሚናገር መለኪያ ስለሌለ፣ መቆጣጠሪያው የጠፋውን እርምጃ ሊያውቅበት የሚችል መንገድ የለውም። ፈጣን ቦርድ መግዛት ማሽኑን ያሻሽለዋል ብሎ ያሰበ ሰው፣ በዚያው ፈጣን ቦርድ ምክንያት ክቡ እንቁላል ሲሆንበት ያያል።

በተቃራኒው አቅጣጫም ገደብ አለ። ገርብል በኡኖ ላይ ሊያወጣ የሚችለው በሰከንድ 30,000 ገደማ ምት ነው። ከላይ ያሰላነው 32,000 ከዚህ በላይ በመሆኑ፣ የማሽኑ ባለቤት ወይ ፍጥነቱን መቀነስ፣ ወይ እርምጃውን በ16 ፈንታ በ8 መክፈል፣ ወይ ሌላ ቦርድ መምረጥ አለበት። ይህ ምርጫ የሚያላምደው ሰው ብቻውን የሚወስነው መሆን የለበትም፤ ማሽኑ የሚቀርጸው ምን እንደሆነ የሚያውቀው የሥራ ቤቱ ባለቤት ነውና።

መብራት በተደጋጋሚ በሚጠፋበት ከተማ ደግሞ ሌላ ቦታ ላይ ትንሽ የሚመስል ነገር ይከብዳል። የኡኖ ፕሮሰሰር ቅንብሮችን የሚያስቀምጥበት፣ 100,000 ጊዜ ሊጻፍበት የሚችል የራሱ ቋሚ ማኅደር አለው። ኤስቲኤም32ኤፍ103 የተባለው ርካሽ ፕሮሰሰር ግን ይህ ስለሌለው፣ ያላመደው ሰው ቅንብሮቹን በፕሮግራሙ ማኅደር አንድ ገጽ ላይ እንዲጻፉ ያደርጋል። ያ ገጽ 10,000 ጊዜ ያህል ብቻ ሊጻፍ የሚችል ከመሆኑም በላይ፣ አንዲት ቁጥር ለመቀየር ገጹ በሙሉ ተደምስሶ እንደገና መጻፍ አለበት። በመደምሰሱና በመጻፉ መካከል መብራት ከጠፋ ለአንድ ሚሊ ሜትር ስንት ምት እንደሚያስፈልግ የሚናገረው ቁጥር ጭምር ሊጠፋ ይችላል። ሁለት ገጾችን እያፈራረቁ መጻፍ ችግሩን ይፈታዋል፤ ነገር ግን መብራት በማይጠፋበት አገር የተቀመጠ አላማጅ ይህን ለማድረግ ምክንያት አይታየው ይሆናል።

«ጄሶ» የሚለው ቃል ማሽኑን ሲያቆም

ከሃርድዌር ውጭም መላመድ የሚፈልግ ነገር አለ፤ ቋንቋ። ሠራተኞች በጂ-ኮድ ፋይል ውስጥ ሥራውን የሚገልጽ ማስታወሻ መጻፍ ይወዳሉ፤ መቆጣጠሪያው ማስታወሻውን ዘሎ ማለፍ ስላለበት ጉዳት የለውም ተብሎ ይታመናል። ማስታወሻው በአማርኛ ሲጻፍ ግን በገርብል 1.1 ላይ የሚሆነው ሌላ ነው።

ዛሬ በሁሉም ዘንድ በሚሠራበት ዩቲኤፍ-8 የተባለ አጻጻፍ፣ አንድ የግእዝ ፊደል በኮምፒውተር ውስጥ ሦስት ባይት ሆኖ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱም ባይት ከ127 በላይ የሆነ ቁጥር ነው። ገርብል 1.1 ደግሞ ከ127 በላይ ካሉት ቁጥሮች የተወሰኑትን ለአስቸኳይ ትእዛዝ መድቧቸዋል። እነዚህን ትእዛዞች የሚያነሣቸው ባይቱ በኬብሉ እንደ ደረሰ፣ መስመሩ ማስታወሻ ይሁን ሌላ ነገር ገና ሳይመረምር ነው። ስለዚህ የጂ-ኮድ መላኪያው ፕሮግራም ማስታወሻውን ሳይነቅስ እንዳለ ከላከው፣ ፊደሎቻችን ትእዛዝ ይሆናሉ።

«ጄ» የሚለው ፊደል 225፣ 140 እና 132 ሆኖ ይጻፋል። 132 በገርብል «የደኅንነት በር ተከፍቷል» ማለት ነው። «የጄሶ ኮርኒስ» ብሎ ማስታወሻ የጻፈ ሠራተኛ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ መቁረጫውን የሚያዞረው ስፒንድልም ጠፍቶ፣ ስክሪኑ ላይ በር እንደተከፈተ ሲነገረው ያያል፤ ማሽኑ ግን ጭራሽ በር የለውም። «ክዳኑ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለው «ኑ» በ145 ያበቃል፤ ይህም የመቅረጫውን ፍጥነት በ10 በመቶ የሚጨምር ትእዛዝ ነው። ቃሉ በተደጋገመ ቁጥር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ጣሪያው 200 በመቶ ነው። ቀጥሎ የሚመጣ «ነ» ደግሞ ፍጥነቱን ወደ 100 በመቶ ይመልሰዋል፤ በመሆኑም ችግሩ መጥቶ ይሄድና መንስኤው ሳይታወቅ ይቀራል። «ጠረጴዛ» የሚለው ቃል በ«ጠ» የማቀዝቀዣ ፈሳሹን ይከፍታል ወይም ይዘጋል፣ በ«ዛ» የስፒንድሉን ፍጥነት በ10 በመቶ ይቀንሳል።

የገርብል ጸሐፊዎች ጥፋት አልፈጸሙም። እነዚያ ቁጥሮች የተመረጡት በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ውስጥ ስለማይገኙ ነበር። መፍትሔውም አስቸጋሪ አይደለም፤ መላኪያው ፕሮግራም ከ127 በላይ የሆነ ባይትን ሁሉ ከማስታወሻው ነቅሶ እንዲልክ ማድረግና ይህንንም በአማርኛ ማስታወሻ የተሞላ ፋይል እየላኩ መፈተሽ ነው። ሆኖም ፈተናውን ሊጽፍ የሚችለው በአማርኛ የሚጽፍ ሰው ነው። በእኔ አመለካከት የአገር ውስጥ አላማጅ ከማንም የበለጠ ዋጋ ያለው ነገር የሚያበረክተው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ሪል ታይም የተሰማው ዜና

ሪል ታይም ማለት ፈጣን ማለት አይደለም፤ ሥራው በተወሰነለት ቅጽበት መፈጸሙ የተረጋገጠ ማለት ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲ ምቶችን በኮምፒውተሩ ትይዩ ወደብ፣ ማለትም በድሮው የፕሪንተር መሰኪያ፣ ሲያወጣ በየ25 ወይም በየ50 ማይክሮሰከንዱ መንቃት ሊኖርበት ይችላል። ተራ ሊኑክስ ይህን ቃል ስለማይገባ፣ ለ20 ዓመታት ገደማ ከዋናው ከርነል ውጭ ሲሠራበት የቆየ ማሻሻያ ያስፈልግ ነበር። በ6.12 ይህ ማሻሻያ ለባለ64 ቢት የኢንቴልና የኤአርኤም ፕሮሰሰሮች እንዲሁም ለሪስክ-ፋይቭ በዋናው ከርነል ውስጥ ተካትቷል። በነሐሴ 2017 ዓ.ም. የወጣው ዴቢያን 13 የተባለ የሊኑክስ ሥርጭትም የሚጠቀመው ይህንኑ ከርነል ነው።

ዜናው ማሻሻያውን ለሚያሽጉ ሰዎች ትልቅ እፎይታ ነው። ለሥራ ቤቱ ግን ጥያቄው ከርነሉ ሳይሆን ኮምፒውተሩ ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲ አብሮት የሚመጣ የመዘግየት መለኪያ አለው፤ ከፍተኛው መዛነፍ ከ20 ማይክሮሰከንድ በታች ከሆነ ኮምፒውተሩ መልካም ነው፣ ከ30 እስከ 50 ከሆነም ይሠራል፣ 100 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ምቶችን በራሱ ለማውጣት አይመችም። አንዳንድ አዲስ ላፕቶፕ በዚህ ፈተና ይወድቃል፣ አሮጌ የጠረጴዛ ኮምፒውተር ሊያልፍ ይችላል። ዋጋ በዚህ ላይ ምስክር አይሆንም።

ከዚሁ ጋር ሳይነገር የቀረው ዴቢያን 13 ለባለ32 ቢት የኢንቴል ኮምፒውተሮች ከርነልም ሆነ መጫኛ ማዘጋጀቱን መተዉ ነው። ትይዩ ወደብ ያላቸው በጣም አሮጌ ኮምፒውተሮች አንዳንዶቹ የዚህ ትውልድ ናቸው። እነርሱን የያዘ ሰው በዴቢያን 12 ላይ መቆየት አለበት፤ «አዲሱን ጫን» የሚለው የተለመደ ምክር ለእርሱ ስሕተት ነው።

ማሸግ፦ ሌላ ሰው ሊጭነው ካልቻለ አልተላመደም

አንድ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ወይም የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ተማሪ ለመመረቂያ ሥራው መቆጣጠሪያ አላምዶ ማሽን ማሠራት ይችላል። የሚሆነው ግን የታወቀ ነው፤ ኮዱ በላፕቶፑ ላይ ይሠራል፣ ተማሪው ተመርቆ ሌላ ከተማ ሥራ ይይዛል፣ ማሽኑም ከስድስት ወር በኋላ ሲበላሽ ኮዱን እንደገና ሊገነባ የሚችል ሰው ይጠፋል። ችግሩ የተማሪው ስንፍና አይደለም። ኮዱ ከምን ከምን ጋር እንደተገነባ የትም አልተጻፈም።

ጥቅል (ፓኬጅ) ማለት በመሠረቱ ይህ የተጻፈበት ነገር ነው። በዴቢያን አሠራር አንድ ጥቅል ለመሥራት ቢያንስ አራት ነገሮች በጽሑፍ መቀመጥ አለባቸው፤ ጥቅሉ ለመገንባትና ለመሥራት የሚፈልጋቸው ሌሎች ጥቅሎች ዝርዝር፣ የሚገነባበት ትእዛዝ፣ ከስሪት ወደ ስሪት የተለወጠው ነገር መዝገብ፣ እንዲሁም የእያንዳንዱ ፋይል ባለቤትና ፈቃድ። ስሪቱም ሁለት ክፍል አለው፤ ከሰረዙ በፊት ያለው የዋናው ጸሐፊ ቁጥር፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው የአሻጊው። ይህ ቢሮክራሲ የሚመስል ጥንቃቄ ዋጋው የሚታወቀው ነገር ሲበላሽ ነው። ሊኑክስ ሲኤንሲ ከ2.8 ወደ 2.9 ሲሻገር ፓይተን ከተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ስሪት 2 ወደ ስሪት 3 ተዛውሯል፤ በአሮጌው የተጻፉ የማሽን ቅንብሮች አንዳንዶቹ በአዲሱ አይሠሩም። ጥቅሉ የሚፈልገውን ስሪት በግልጽ ከጻፈ ኮምፒውተሩ አይጣጣምም ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ካልጻፈ ግን ተጭኖ፣ ማሽኑ ሲነሣ ይወድቃል።

ዴቢያን 12 በሰኔ 2015 ዓ.ም. ሲወጣ ሊኑክስ ሲኤንሲን ጥቅሎቹ በሚወርዱበት የራሱ ማከማቻ ውስጥ ይዞ መምጣቱ ለዚህ ነው ከብዙ አዳዲስ የቴክኒክ ነገሮች የሚበልጠው። ከዚያ በፊት ተጠቃሚው ከፕሮጀክቱ የራሱን የመጫኛ ምስል ማውረድ ወይም ራሱ መገንባት ነበረበት።

የጎንደር ልዩ ችግር ግን ማከማቻው ራሱ በኢንተርኔት ላይ መሆኑ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል፤ ከዚያም ወዲህ ቢሆን አስተማማኝ መስመር ያለው የሥራ ቤት ጥቂት ነው። እንደ ኡኖ ላሉ የማይክሮኮንትሮለር (ትንሽ ኮምፒውተር በአንድ ቺፕ ላይ) ቦርዶች የሚያገለግሉ ብዙ የመገንቢያ መሣሪያዎች፣ ለምሳሌ ፕላትፎርም አይኦ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነሡ ኮምፓይለሩን ጭምር ከኢንተርኔት ያወርዳሉ፤ መጠኑም በመቶዎች የሚቆጠር ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ኮዱን ብቻ በፍላሽ ይዞ አራዳ ወደሚገኝ የእንጨት ሥራ ቤት የሄደ ባለሙያ፣ የመጀመሪያው የግንባታ ትእዛዝ ላይ ይቆማል። የጎደለው ነገር ስም በስክሪኑ ላይ ይታያል፤ የሚያመጣበት መንገድ ግን የለውም። ወደ ቤቱ ተመልሶ ያንን አውርዶ ቢመጣ፣ ያ ደግሞ ሌላ ሁለት ይፈልጋል።

ስለዚህ እዚህ የሚሠራ ጥቅል የጥገኝነቱን ሰንሰለት፣ ማለትም የሚፈልጋቸውን ጥቅሎችና እነርሱም የሚፈልጓቸውን ሁሉ፣ እስከ መጨረሻው ጫፍ ይዞ መምጣት አለበት። የዴቢያን የጥቅል አስተዳዳሪ ይህን ለማድረግ ከመጀመሪያውኑ የተመቸ ነው፤ የሚያስፈልጉትን ጥቅሎች በሙሉ አንድ ማውጫ ውስጥ አሰባስቦ ፍላሹን ራሱን እንደ ማከማቻ ማስነበብ ይቻላል። ለቦርዶቹ ደግሞ ከኮዱ ጎን የተገነባውን ፋይል፣ የተገነባበትን ኮምፓይለር ስሪት ስምና መጫኛውን ፕሮግራም አብሮ ማስቀመጥ ይገባል። አማርኛ የሚያሳይ ስክሪን ያለው ጥቅል ከሆነም አቢሲኒካ የተባለው የግእዝ ፊደል ቅርጽ በዴቢያን ውስጥ ራሱን የቻለ ጥቅል ስለሆነ፣ በጥገኝነት ዝርዝሩ ውስጥ አንድ መስመር መጨመር ብቻ ይበቃል። ያ መስመር ከተረሳ ግን ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሠራተኛው በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥኖችን ያያል።

አንዳንዶች ይህ ሁሉ ልፋት ለምን ያስፈልጋል፣ የሚሠራውን ኮምፒውተር ሙሉ ዲስክ ቀድቶ ማደል አይሻልም ወይ ይላሉ። ዘዴው በእርግጥ ፈጣን ነው፤ ሁሉም ማሽን አንድ ዓይነት በሆነበት ቦታም በቂ ሊሆን ይችላል። ጉድለቱ የተቀዳው ዲስክ ውስጡ ምን እንዳለ አለመናገሩ ነው። አንድ ስሕተት ሲታረም ዲስኩ በሙሉ እንደገና መታደል አለበት፤ በዚያም ላይ የሥራ ቤቱ ራሱ ያስተካከላቸው ቅንብሮች አብረው ይደመሰሳሉ። ቅንብሩን ከፕሮግራሙ ለይቶ የሚያስቀምጥ ጥቅል ግን ፕሮግራሙን ሲያድስ ቅንብሩን አይነካም።

የራስ ስሪት ወይስ ወደ ምንጩ መመለስ

ያላመደ ሰው ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው ለውጡን ለራሱ ይዞ የተለየ ስሪት ማቆም፣ ሌላው ለውጡን ለዋናው ፕሮጀክት ልኮ እዚያ እንዲካተት መጠየቅ። የመጀመሪያውን የሚደግፉ ሰዎች ሁለት ምክንያት ያቀርባሉ፤ ዋናው ፕሮጀክት መልስ ለመስጠት ይዘገያል፣ ክርክሩም በእንግሊዝኛ ነው፤ በዚያ ላይ የራስ የሆነ ነገር መያዝ የሚያኮራ ነው። ሁለቱም ከንቱ ምክንያቶች አይደሉም። ሆኖም ዋናው ፕሮጀክት በየጊዜው ስለሚለወጥ፣ የተለየው ስሪት በእያንዳንዱ ለውጥ ላይ እንደገና መገጣጠም አለበት፤ ያ ሥራ ደግሞ ማለቂያ የለውም። ሁለትና ሦስት ሰው የያዘው ስሪት በዓመት ውስጥ ከዋናው ይርቃል፣ ከዚያም የደኅንነት እርማት እንኳን ሊገባበት አይችልም። በተመጣጣኝ ሚዛን ሲታይ፣ የአማርኛ ማስታወሻ ችግርን የመሰለ አጠቃላይ እርማት ወደ ምንጩ ቢመለስ፣ የአንድ የሥራ ቤት ልዩ ቦርድ ቅንብር ግን በአካባቢው ቢቀር የተሻለ ይሆናል።

ፈቃዱም ችላ ሊባል አይገባም። ሩኪግ የሚታደልበት ኤምአይቲ የተባለው ፈቃድ የጸሐፊውን ስምና የፈቃዱን ጽሑፍ ከመጠበቅ ሌላ ብዙ አይጠይቅም። የገርብል ፈቃድ፣ ጂፒኤል 3፣ ግን የተለወጠውን ፕሮግራም በማሽን ውስጥ አስገብቶ የሚሸጥ ሰው የለወጠውን ኮድ ለገዢው እንዲሰጥ ያስገድዳል። አዘዞ ላይ ማሽን ገጣጥሞ ለመሸጥ የሚያስብ ወጣት ይህን ከመጀመሪያው ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

የተዘጋውን መግዛት ይሻላል የሚለው ክርክር

ከዚህ ሁሉ በኋላ የተዘጋ መቆጣጠሪያ ገዝቶ መገላገል ይሻላል የሚል ሰው የሚናገረው ከንቱ አይደለም። የተዘጋው ሣጥን ተሞክሮ የመጣ ነው፤ በፍላሽ ፋይል ሰጥተው ቁልፍ ይጫናሉ፣ ይሠራል። ሥራው በዝቶበት ቀን ከሌት የሚተጋ የቤት ዕቃ ሠሪ የማላመድ ሥራ ውስጥ እንዲገባ መምከር አግባብ አይሆንም።

ልዩነቱ የሚታየው ሣጥኑ ሲበላሽ ነው። የተዘጋው ሲቃጠል አማራጩ ሌላ ማስመጣት ብቻ ነው፤ ዋጋውም በዕለቱ ምንዛሪ ይወሰናል። ክፍቱ ሲቃጠል የሚለወጠው ቦርዱ ብቻ ነው። ጥቅሉ በሥርዓት ከተያዘ ፕሮግራሙ በሌላ ርካሽ ቦርድ ላይ በአንድ ከሰዓት ሊጫን ይችላል። ካልተያዘ ደግሞ ክፍቱ ከተዘጋው የባሰ ነው፤ የተዘጋው ቢያንስ ሻጭ አለው። ሁለቱን የሚያወዳድር ሰው ማነጻጸር ያለበት የሶፍትዌሩን ዋጋ ሳይሆን፣ ማሽኑ ቆሞ የሚያድርበትን ቀን ብዛት ነው።

ሊከተል የሚችለው

ነገሩ አሁን ባለበት ከቀጠለ፣ ተማሪዎችና ጥቂት ቴክኒሻኖች የየራሳቸውን መቆጣጠሪያ እያላመዱ፣ እያንዳንዱም ከሠሪው ጋር እየጠፋ ይሄዳል። የሥራ ቤቶቹም ክፍት ምንጭ የማይታመን ነገር ነው ወደሚል ድምዳሜ ይደርሳሉ፤ ካዩት ነገር ተነሥተው ሲፈርዱም ልክ ይሆናሉ።

ሌላው አቅጣጫ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። አንድ የትምህርት ተቋም የተጠናከረ የጥቅል ማከማቻ በግቢው ውስጥ ቢያኖርና በየሩብ ዓመቱ በፍላሽ ቢያድል፣ የመመረቂያ ሥራ ሲገመገምም «ማሽኑ ሠራ ወይ?» ከሚለው ጥያቄ ቀጥሎ «ሌላ ተማሪ ኢንተርኔት በሌለበት ክፍል ከባዶ ኮምፒውተር ተነሥቶ ሊጭነው ቻለ ወይ?» የሚል ጥያቄ ቢጨመር፣ የሚላመደው ኮድ ዓይነት ራሱ ይለወጣል። ለዚህ ፈተና የሚያስፈልገው አንድ ባዶ ኮምፒውተር፣ አንድ ፍላሽ፣ 100 ሚሊ ሜትር በ100 ሚሊ ሜትር የሆነ የኤምዲኤፍ (የተጨመቀ የእንጨት ሰሌዳ) ቁራጭና የመለኪያ ካሊፐር ነው። ማሽኑ ካሬ ይቀርጻል፣ በካሬው ውስጥ ክብ፣ በጂ-ኮዱ ማስታወሻ ላይ «የጄሶ ጠረጴዛ ክዳኑ» ተብሎ ይጻፋል፤ በመካከል መብራት እንዲጠፋ ተደርጎ እንደገና ይነሣል። ከዚያ የካሬው ሁለት ሰያፍ መስመሮች ይለካሉ፤ እኩል ካልሆኑ ጥቅሉ ወደ ሠሪው ይመለሳል።